አቧራውን ከምንጩ ያዙት፦ በሰሜን ሸዋ ፋብሪካና ወርክሾፕ ለምትሠሩ ዝርዝር መመሪያ

መጀመሪያ ስለ ወተቱ እንነጋገር። ሲሚንቶ የሚጫንበት፣ ድንጋይ የሚፈጭበት፣ ጀሶ የሚቦካበት ቦታ ሁሉ "ወተት ጠጣበት፣ ያጥብልሃል" ይባላል። አንዳንድ ድርጅት እንደ ጥቅማ ጥቅም ቆጥሮ ያድለዋል። ወተት ጥሩ ምግብ ነው፤ ከተገኘ ይጠጣ። ግን የሚሄደው ወደ ጨጓራ ነው፤ አቧራው ደግሞ ያለው ሳንባ ውስጥ ነው። ሁለቱ መንገዶች ጉሮሮ ላይ ይለያያሉ። ወተቱ ሳንባ ጋ ደርሶ አንዲት ብናኝ ይዞ አይወጣም። አረቄም እንደዚያው፣ ነጭ ሽንኩርትም እንደዚያው።

ይህን ያስቀደምኩት በምክንያት ነው። ወተቱን ያመነ ሰው ሌላውን ጥንቃቄ ይተወዋል። "ጠጥቻለሁኮ" ብሎ ያለ ምንም መከላከያ ድንጋይ መፍጫው ክሬሸር ስር ይቆማል። እውነቱ ግን ጠልቆ የገባን ደቃቅ አቧራ መልሶ የሚያወጣ መጠጥም መድኃኒትም የለም። ያለን አማራጭ እንዳይገባ ማድረግ ብቻ ነው። እንዳይገባ ለማድረግ ደግሞ ዋናው ቦታ አፍና አፍንጫችን አይደለም። አቧራው የሚነሳበት ቦታ ነው፤ የመጋዙ ጥርስ፣ የክሬሸሩ አፍ፣ ከረጢቱ የሚፈታበት፣ መጥረጊያው መሬት የሚነካበት። ማስክ የመጨረሻው መከላከያ ነው፤ ብዙ ቦታ ግን የመጀመሪያውም የመጨረሻውም እሱ ብቻ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

አካባቢያችንን ታውቁታላችሁ። ደብረ ብርሃን ዛሬ የፋብሪካ ከተማ ናት። ኢንዱስትሪ ፓርኩ አለ፣ ብርድ ልብሱ ከድሮም ነበረ፣ ዱቄቱ፣ ብቅሉ፣ እንጨቱና ብረቱ በየአቅጣጫው ነው። ለሚ ላይ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የተመረቀው ትልቅ የሲሚንቶ ፋብሪካ አለ። በየወረዳው ከተማ ደግሞ ብሎኬት ማምረቻ፣ ወፍጮ ቤት፣ እንጨት ቤት፣ የድንጋይ ካባ አይጠፋም። እንጀራችን ከዚህ ነውና ሥራውን ትታችሁ ሽሹ አልላችሁም። ሳንባችሁን ይዛችሁ እንድትሠሩ ነው የምፈልገው።

አቧራው ሳንባ ውስጥ ምን ያደርጋል

አቧራ ሁሉ አንድ አይደለም። የሰው ፀጉር ውፍረት 70 ማይክሮን አካባቢ ነው፤ አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ከ10 ማይክሮን የሚበልጠው ብናኝ አብዛኛው አፍንጫና ጉሮሮ ላይ ይቀራል፤ በንፍጥ፣ በአክታ፣ በማስነጠስ ይወጣል። ማታ ስትናፈጡ ጥቁር ወይም ነጭ ሆኖ የምታዩት እሱን ነው። የሚያስፈራው ከ4 ማይክሮን በታች ያለው ነው። ይኼኛው ለብቻው በዓይን አይታይም፣ አያስነጥስም፣ ቶሎም መሬት አይወርድም። ማሽኑ ከቆመ በኋላ እንኳ ለሰዓታት አየር ላይ ይንሳፈፋል። ስትተነፍሱ ቀጥ ብሎ ኦክስጅን ወደ ደም የሚያልፍባቸው ትንንሽ የአየር ከረጢቶች ውስጥ ይገባል፤ እዚያ ደግሞ እንደ ላይኛው መተንፈሻ ጠርጎ የሚያወጣ የንፍጥ መንገድ የለም። የሰውነት ተከላካይ ሴሎች ሊውጡት ይሞክራሉ። ብናኙ ድንጋይ ውስጥ የሚገኘው የኳርትዝ ከሆነ የዋጠውን ሴል ይገድለዋል፤ ሴሉ ሲሞት ብናኙ ይለቀቃል፤ ሌላ ሴል መጥቶ ይውጠዋል፤ እሱም ይሞታል። ቦታው ይቆስላል፣ ቁስሉ ጠባሳ ይሆናል፣ ጠባሳ ደግሞ አየር አያሳልፍም።

ከፍታችንም ነገሩን ያባብሰዋል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ አየሩ ሲጀመርም ስስ ነው። ሳንባው የተጎዳ ሰው ቆላ ላይ ችሎ የሚኖረውን የትንፋሽ ማጠር እዚህ ዳገት ሲወጣ ቶሎ ያገኘዋል።

1. የምትተነፍሱት የምን አቧራ እንደሆነ ለዩ

ከዚህ ጀምሩ፤ መከላከያው እንደ አቧራው ዓይነት ይለያያልና።

ከሁሉም አደገኛው የድንጋይ አቧራ ነው፤ ውስጡ ሲሊካ አለ፤ ኳርትዝ የሚባለው። ግን ድንጋይ ሁሉ እኩል አይደለም። በደጋው የሞላው ጥቁር ድንጋይ፣ ባዛልቱ፣ ኳርትዙ ጥቂት ነው። ወደ ጀማ ሸለቆ ስትወርዱ የምታገኙት የአሸዋ ድንጋይ ግን አብዛኛው አካሉ ኳርትዝ ነው። ግራናይት ከሩብ እስከ ሲሶ ይደርሳል። እብነ በረድና የኖራ ድንጋይ ትንሽ ነው ያላቸው። ለወጥ ቤት ጠረጴዛ የሚመጣው በፋብሪካ የተሠራ "ኳርትዝ" የሚባለው ድንጋይ ግን ከ90 በመቶ በላይ ሊሆን ይችላል፤ እሱን በደረቁ የሚቆርጥ ልጅ ካያችሁ አስቁሙት። ሴራሚክ፣ ጡብ፣ ብሎኬትና ኮንክሪትም አሸዋና ሸክላ ስላለባቸው ሲቆረጡና ሲበሱ ሲሊካ ይለቃሉ።

ምን ያህሉ ነው የሚጎዳው? የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት በ2016 እ.ኤ.አ. ለሲሊካ ያወጣው ጣሪያ በአንድ ሜትር ኩብ አየር 0.05 ሚሊግራም ነው፤ ያውም በ8 ሰዓት አማካይ። አንድ ሠራተኛ በ8 ሰዓት ወደ 10 ሜትር ኩብ አየር ይተነፍሳል። አባዙት፤ ግማሽ ሚሊግራም ይሆናል። ጥቂት የገበታ ጨው ቅንጣት ቢመዘን ነው። ከዚያ በላይ በየቀኑ ከገባ ከጣሪያው አልፋችኋል ማለት ነው። በደረቁ ድንጋይ የሚቆርጥ ግራይንደር ይህን መጠን በደቂቃዎች ያልፈዋል።

ከዚህ የሚመጣው በሽታ ሲሊኮሲስ ይባላል። በመጠነኛ አቧራ ከ10 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው የሚታየው። አቧራው ሲበዛ ከ5 እስከ 10 ዓመት፣ እጅግ ሲበዛ ደግሞ በወራት ሊመጣ ይችላል። አይድንም። ሥራውን ከተዉ በኋላም ሊቀጥል ይችላል። የሳንባ ካንሰርም ያመጣል፤ የዓለም ካንሰር ምርምር ድርጅት ሲሊካን ካንሰር አምጪነታቸው ከተረጋገጡት ጋር ከመደበው ቆይቷል። ለእኛ ደግሞ ልዩ ትኩረት የሚፈልገው ቲቢ ነው። ሲሊካ የሳንባን መከላከያ ስለሚያዳክም የድንጋይ አቧራ የሚተነፍስ ሰው በቲቢ የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ይበልጣል። ቲቢ ባለበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የጥጥ አቧራ ሌላ ነው። ጥጥ የሚፈታበትና የሚበጠርበት ክፍል፣ መፍተያ ክፍል፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ እንደገና የሚፈተልበት ቦታ የምትሠሩ ልብ በሉ። በሽታው ቢሲኖሲስ ይባላል፤ ምልክቱም ለየት ያለ ነው። እሑድ አርፋችሁ ሰኞ ስትገቡ ደረታችሁን ጭምቅ ያደርጋችኋል፤ ማክሰኞ ይሻላል፤ ሐሙስ ትረሱታላችሁ። ሰው "ሰኞ ሥራ ስለሚከብድ ነው" ብሎ ያልፈዋል። አይደለም። በጥጡ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች መርዝ ሳንባችሁን እያስቆጣ ነው። በዚህ ደረጃ ከተያዘ ይመለሳል። እየቆየ ሲሄድ ግን ማክሰኞንም ሐሙስንም ይወስድና የማይመለስ ይሆናል።

የእንጨት አቧራ አስም ያስነሳል፤ ለዓመታት ሲተነፍሱት ደግሞ የአፍንጫ ውስጥ ካንሰር ያመጣል። ከሰጋቱራው ይልቅ የሚያሰጋው በብርጭቆ ወረቀት ማሽን የሚለሰልስ እንጨት የሚለቀው ዱቄት ነው። ከእንጨት ብናኝና ከሙጫ ተጨምቆ የሚሠራው ኤም.ዲ.ኤፍ. የሚባለው ጣውላ ደግሞ ብናኙ በጣም ደቃቅ ነው፣ ሙጫውም አለበት። የዱቄት ብናኝ መጀመሪያ አፍንጫ ያሳክካል፣ ያስነጥሳል፣ ዓይን ያስለቅሳል፤ ከዚያ አስም ይሆናል። አንዴ ሰውነት ከተቆጣበት በኋላ ትንሿም ትበቃዋለች።

ሲሚንቶ ራሱ ከተቃጠለ በኋላ ኳርትዙ ጥቂት ነው። ግን በላብና በእርጥበት ሲነካካ ቆዳ ያቃጥላል፣ ዓይን ይጎዳል፣ የአየር ቧንቧን ያቆስላል።

2. የማይታየውን በባትሪ ፈልጉት

ፎርማኑ "የታለ አቧራው?" ቢላችሁ ማሳያ አለ። ጠዋት ፀሐይ በወርክሾፑ በር ስንጥቅ ስትገባ በጨረሩ ውስጥ የሚተራመሰውን ብናኝ አይታችሁታል፤ ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ አይታይም። ቦታው ንጹሕ ስለሆነ አይደለም፤ ብርሃኑ ስለሌለ ነው። ይህንኑ ሆን ብላችሁ አድርጉት።

አመሻሽ ላይ መብራቱን ቀነስ አድርጉ። ሙሉ ጨለማ አያስፈልግም፤ ማሽን የያዘው ሰው እጁን ማየት አለበት። ጠንካራ የእጅ ባትሪ ከማሽኑ ማዶ አስቀምጡና ብርሃኑ በአቧራው ውስጥ አልፎ ወደ እናንተ እንዲመጣ አድርጉ። ባትሪውን ራሱን በቁራጭ ካርቶን ከዓይናችሁ ከልሉት። አሁን ወደ ብርሃኑ ተመልከቱ። ንጹሕ መስሏችሁ የነበረው አየር ጭስ ሆኖ ይታያችኋል። ከየት እንደሚነሳ፣ ወደ ማን ፊት እንደሚሄድ፣ መምጠጫው እየሳበው ይሁን እያለፈው ቁልጭ ብሎ ይታያል። በስልካችሁ ቪዲዮ ቅረጹት። ለአለቃ ከማስረዳት ማሳየት ይቀላል።

3. አቧራው ሳይነሳ ያዙት

ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እዚህ ላይ ይሠራል። ሦስት መንገድ አለ፤ ማርጠብ፣ መክደን፣ መምጠጥ።

ማርጠብ ለድንጋይ፣ ለኮንክሪትና ለክሬሸር ነው። ድንጋዩን ከመምታታችሁ፣ ከመቁረጣችሁ በፊት አርጥቡት፤ እየቆረጣችሁም ውሃው ጥርሱ ድንጋዩን በሚነካበት ቦታ ላይ ይድረስ። ከላይ የተረጨ ውሃ አየር ላይ የወጣውን አቧራ ብዙም አይዝም፤ መያዝ ያለበት ሲወለድ ነው። ክሬሸር ላይ ደግሞ ድንጋዩ በሚገባበት፣ በሚወጣበትና ከማመላለሻው ቀበቶ በሚወድቅበት ቦታ ሁሉ የውሃ መርጫ ይተከል። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የተለመደውን የኤሌክትሪክ ግራይንደር ላይ ውሃ አታፍሱ፤ ኮረንቲ ይገድላችኋል። ለውሃ ተብሎ የተሠራ መቁረጫ አለ። እሱ ከሌለ ዲስኩን የሚከድን ሽፋን ያለውና በቱቦ ከመምጠጫ ጋር የሚያያዝ ተጠቀሙ።

በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ጠዋት ጠዋት መጀመሪያ የሚተወው ይህ ውሃ ነው። እጅ ይቆረጥማል፣ ጎማው ይደርቃል፣ "እስኪሞቅ በደረቁ እንጀምር" ይባላል። ያቺ "እስኪሞቅ" የምትባለው ሰዓት በየቀኑ ስትደመር ብዙ ናት። የቁረጣ ሥራውን ወደ ረፋዱ ማዞር፣ ጠዋቱን ለመለካትና ለመጫን መጠቀም ይቻላል። ውሃ የማያስገባ ጓንትም ይረዳል።

ዱቄት፣ ጥጥና እንጨት ላይ ውሃ አይሆንም። እዚህ መምጠጫ ነው የሚያስፈልገው፤ መምጠጫ ላይ ደግሞ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር ርቀት ነው። የመምጠጫው አፍ ስፋት 20 ሴንቲሜትር ከሆነ ከአፉ 20 ሴንቲሜትር መራቅ ብቻውን የመሳብ ፍጥነቱን ወደ አንድ አሥረኛ ያወርደዋል። ሞተሩ የቱንም ያህል ቢጮህ ክንድ ያህል ርቆ የተሰቀለ አፍ ለታይታ ነው። ስለዚህ ትልቅ ሞተር ከመግዛታችሁ በፊት አፉን ወደ መጋዙ ጥርስ አስጠጉት። ከሦስት ጎን በላሜራ ወይም በእንጨት ከልሉት። ከዚያ በባትሪው እንደገና እዩ። ከረጢቱ ሲሞላ ካልተራገፈ ደግሞ መሳቡ ይሞታል፤ ማን እንደሚያራግፈውና መቼ እንደሆነ ይወሰን።

ከረጢት ላይ የምትሠሩ ይህን እዩ። 50 ኪሎ የሲሚንቶ ከረጢት ከትከሻ ላይ ሲወረወር የሚወጣውን ታውቁታላችሁ። ከረጢቱን ዝቅ አድርጋችሁ አፉን ወደ ማፍሰሻው አስጠግታችሁ ቅደዱት፤ ቀስ ብሎ ይፍሰስ። ከፍታው ባነሰ ቁጥር አቧራው ያንሳል። ባዶውን ከረጢት አታራግፉት። ደረታችሁ ላይ ደግፋችሁ እየጨመቃችሁ አታጣጥፉት፤ ውስጡ የቀረው ዱቄት በሙሉ ቀጥ ብሎ ፊታችሁ ላይ ነው የሚወጣው። ጎን ላይ ክፍት ማጠራቀሚያ አዘጋጁና እዚያ ተንከባልሎ ይግባ።

ውጭ ስትሠሩ ነፋሱን ተጠቀሙበት። ብዙ ሰው ጀርባውን ለነፋስ ይሰጣል። ነፋሱ ጀርባችሁን መትቶ ከፊታችሁ ሲዞር ግን አቧራውን ወደ ደረታችሁና ወደ አፋችሁ ይመልሰዋል። ከጎን እንዲመጣ አድርጋችሁ ቁሙ።

4. በርና መስኮቱ

የእኛ አገር ችግር ብርዱ ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ገብታችሁ በሩን ትዘጋላችሁ፣ መስኮቱ በላስቲክ ተወጥሯል፣ ውስጡ ይሞቃል፤ አቧራውም አብሮ ይጠራቀማል። ከምንጩ የሚስብ መምጠጫ ካለ ብዙም አይከፋም። ከሌለ ግን ትይዩ ያሉ ሁለት በሮች ወይም መስኮቶች ይከፈቱ፤ አንዱን ብቻ መክፈት አየሩን አያንቀሳቅሰውም። ብርዱን በልብስ ቻሉት፤ ከውስጥ ሹራብ ደርቡ፣ ከላይ ቱታ።

እንጨት ቤትና ዱቄት ቤት ውስጥ ደግሞ ከሰል አታንድዱ። የተንጠለጠለ የዱቄት ወይም የእንጨት ብናኝ እሳት ሲያገኝ አይነድም፤ ይፈነዳል። በማዕዘንና በጣሪያ ብረት ላይ አንድ ሚሊሜትር እንኳ የማይሞላ ንብርብር በሰፊው ከተኛ ተነቅንቆ አየር ላይ ሲወጣ ለፍንዳታ ይበቃል። ሲጋራም እዚያ አይጨስ። በነገራችን ላይ የሚያጨስ ሰው ከአቧራው ጋር ጉዳቱ ይደራረብበታል፤ ለማቆም ምክንያት ከፈለጋችሁ ይኸው።

5. ጽዳቱ ራሱ እንዳይገድላችሁ

ሽፍት ሲያልቅ መጥረጊያ ይነሳል። ቀኑን ሙሉ መሬት ላይ ያረፈው ደቃቅ አቧራ በአንድ ጊዜ ተመልሶ ይነሳል፤ ጠራጊዋ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ማስክ ያልተሰጣት የቀን ሠራተኛ ናት። መጀመሪያ ውሃ ይረጭ፣ እርጥብ ሰጋቱራ ይበተን፣ ከዚያ ይጠረግ። ከተቻለ ደቃቁን የሚያስቀር ማጣሪያ ያለው የኢንዱስትሪ መምጠጫ ይገዛ። የቤት መምጠጫ ደቃቁን በጀርባው መልሶ ይተፋዋል፤ እሱ አይሆንም።

ኮምፕሬሰር! ይህን ልመናዬን ስሙኝ። ማሽን ላይ ያለውን አቧራ በኮምፕሬሰር አየር አትንፉ። ልብሳችሁን፣ ፀጉራችሁን፣ የጓደኛችሁን ጀርባ አትንፉ። አቧራው ከልብስ ወጥቶ የሚሄደው ወደ ሳንባ ነው። የአየሩ ግፊት ራሱ ቆዳ ሰንጥቆ ሊገባና ዓይንና ጆሮ ሊያበላሽ ይችላል። በየወርክሾፑ እንደ ሻወር ሲጠቀሙበት ይታያል፤ ይቅር።

6. ማስክ፣ በትክክል

ነጠላ፣ ሻርፕ፣ የጋቢ ጫፍ፣ የጨርቅ ማስክ፣ ሰማያዊው የሐኪም ማስክ፤ እነዚህ ትልልቁን ብናኝ ይቀንሱ ይሆናል፤ ለደቃቁ ግን አይሆኑም። ወይ በጨርቁ ያልፋል ወይ በጎንና በጎን ይገባል። የምትፈልጉት ላዩ ላይ ኤን95 ወይም ኤፍ.ኤፍ.ፒ.2 የሚል የተጻፈበትን ነው። የመጀመሪያው ቢያንስ 95 በመቶ፣ ሁለተኛው ቢያንስ 94 በመቶ ብናኝ ያስቀራል። ለሲሊካ ኤፍ.ኤፍ.ፒ.3 ወይም ማጣሪያው የሚቀየር የላስቲክ ግማሽ ፊት ማስክ ይሻላል። የላስቲኩ ሲገዙት ይወደዳል፤ ግን ይታጠባል፣ ይቆያል፣ ማጣሪያው ብቻ ይቀየራል፤ ለዓመት ስታስሉት ብዙ ጊዜ ይረክሳል።

አደራረጉ እንዲህ ነው። መዳፋችሁ ላይ አስቀምጡት፤ የአፍንጫው ብረት ወደ ጣቶቻችሁ ይሁን። አገጭ ስር አስገቡ። የላይኛውን ላስቲክ ከጆሮ በላይ ወደ ጭንቅላት ጀርባ፣ የታችኛውን ወደ ማጅራት አድርጉ። ሁለቱን አታቆላልፉ፤ አንዱንም አትቁረጡ። ብረቱን በሁለት እጅ ጣት ከአፍንጫ አናት ወደ ጉንጭ እየተጫናችሁ ቅርጽ አስይዙት፤ በአንድ እጅ ቆንጥጦ መያዝ መሐሉን ያሾለውና በጎን ክፍተት ይተዋል። ከዚያ ማስኩን በሁለት መዳፍ ሸፍናችሁ በኃይል ተንፍሱ። አየር በዓይናችሁ ስር ከመጣ ብረቱን አስተካክሉ፤ በጉንጭ ከወጣ ላስቲኩን ወደ ኋላ ሳቡ። ይህን በለበሳችሁት ቁጥር አድርጉ፤ ከደቂቃ በታች ነው።

ጢም ካለ አይገጥምም። የሁለት ቀን ያልተላጨ ጢም እንኳ ጠርዙን ያነሳዋል፤ አየሩም ደቃቁን ይዞ በዚያ ይገባል። ጢማችሁን መላጨት የማትችሉ ከሆነ በሞተር ንጹሕ አየር የሚያስገባ ሙሉ የራስ ሽፋን አለ፤ ውድ ስለሆነ ከሥራው ቦታ መቀየር ይቀላል።

ለመተንፈስ ሲከብድ፣ ሲረጥብ፣ ሲጎብጥ ወይም ውስጡ ሲቆሽሽ ቀይሩት። በሻይ ሰዓት አንገት ላይ አታንጠልጥሉት፤ ውስጡ አቧራ ይጠራቀምና መልሳችሁ ስትለብሱት ትስቡታላችሁ። በንጹሕ የወረቀት ከረጢት ውስጥ ይቀመጥ። "ለአንድ ደቂቃ ነው" ብሎ ማውለቅም አይጠቅምም፤ አቧራው ያቺን ደቂቃ አይለይም።

7. አቧራውን ወደ ቤት አትውሰዱ

ቱታው እዚያው ይቅር። የመንገድ ልብስና የሥራ ልብስ በአንድ ሳጥን አይቀመጡ። ስታወልቁ ማስኩን መጨረሻ አውልቁ፤ ቱታው ሲወልቅ የሚነሳው አቧራ ቀላል አይደለምና። እጅና ፊታችሁን ከምሳ በፊት፣ ከመሄዳችሁ በፊት ታጠቡ፤ ገላ መታጠቢያ ካለ ተጠቀሙበት። ልብሱ የግድ ቤት ከሄደ ሳይራገፍ በፌስታል ታስሮ ይሂድ፤ ገና ደረቅ እያለ ውሃ ውስጥ ይነከር፤ ከልጆች ልብስ ጋር አይታጠብ። ብዙ ጊዜ ደረቁን ልብስ ደጅ ላይ የምታራግፈው እናት ወይም ሚስት ናት፤ ፋብሪካ ረግጣ ሳታውቅ አቧራውን ትተነፍሰዋለች።

8. ሰውነታችሁ የሚናገረውን አትለፉ

ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል፣ ድሮ በማትደክሙበት ዳገት ላይ ትንፋሽ ማጠር፣ ሲር ሲር የሚል ደረት፣ የሰኞ ጭምቀት፣ ዕረፍት ስትወጡ የሚሻል ስትመለሱ የሚነሳ ማስነጠስ ካለ ሐኪም ጋ ሂዱ። ክብደት መቀነስ፣ የሌሊት ላብ ወይም ደም ያለበት አክታ ካለ ነገ ሳትሉ ሂዱ፤ ቲቢ ሊሆን ይችላል፤ ቲቢ ደግሞ ይድናል።

ሐኪም ጋ ስትገቡ "ያስለኛል" ብቻ አትበሉ። "ዶክተር፣ ድንጋይ ቆራጭ ነኝ፤ በደረቁ ነው የምንቆርጠው፤ እዚያ ከሠራሁ ይህን ያህል ዓመት ሆኖኛል" በሉ። ይህ ዓረፍተ ነገር ምርመራውን ይለውጠዋል። ሲሊኮሲስና ቲቢ በራጅ ላይ ሊመሳሰሉ ይችላሉ። ሥራችሁን ያልነገራችሁት ሐኪም አንዱን ለሌላው ሊወስድ ይችላል። የደረት ራጅ፣ የአክታ ምርመራና ስፓይሮሜትሪ የሚባለውን የትንፋሽ አቅም መለኪያ ጠይቁ። ስፓይሮሜትሪው ቢቻል ሥራ ስትጀምሩ፣ ከዚያ በየዓመቱ ቢደረግ ጥሩ ነው። የአንድ ጊዜ ቁጥር ብዙ አይናገርም፤ ከዓመት ዓመት እየወረደ መሆኑ ነው የሚናገረው። ሲሊኮሲስ መጀመሪያ ላይ ምንም ምልክት የለውም፤ "ደህና ነኝ" ማለት ሳንባው ደህና ነው ማለት አይደለም።

9. አሠሪውን እንዴት ትጠይቃላችሁ

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግልጽ ነው። የሥራ ቦታውን ጤናማ ማድረግ፣ የአደጋ መከላከያ መስጠት፣ አጠቃቀሙን ማስተማር የአሠሪው ግዴታ ነው። አደገኛ ሥራ ላይ ያለ ሠራተኛ የጤና ምርመራም በአሠሪው ወጪ ነው የሚደረገው። ማስክ ገዝታችሁ ኑ መባል የለባችሁም። እናንተም በበኩላችሁ የተሰጣችሁን የመጠቀምና መመሪያውን የመጠበቅ ግዴታ አለባችሁ። ከሥራ የመጣ በሽታም በሕጉ እንደ ሥራ ላይ ጉዳት ይታያል፤ ካሳና ሕክምና ይመለከተዋል።

አጠያየቁ ግን ብልሃት ይፈልጋል። ብቻችሁን ቆማችሁ "አቧራው በዛ" ካላችሁ መልሱ "ሥራው ነው" ነው። ሁለት ሦስት ሆናችሁ፣ ካላችሁ በሠራተኛ ማኅበር በኩል፣ አንድ የተለየ ነገር ጠይቁ። ለምሳሌ፦ "ጋሼ፣ የሁለተኛው መጋዝ የመምጠጫ ቱቦ ተቀዷል። ይኸው ቪዲዮው። ዛሬ በላስቲክ እናስረው፣ በሳምንት ውስጥ ግን ይቀየርልን።" እንዲህ ሲባል እምቢ ማለት ይከብዳል። ወጪውንም አብራችሁ ንገሩት፤ አቧራ የማሽን ኩሽኔታ ይበላል፣ ሞተር ያቃጥላል፣ የለመደ ሠራተኛ ያሳጣል። ይህን የማይሰማ ባለንብረት ጥቂት ነው።

በቃል ካልሆነ በጽሑፍ፣ ቀን አድርጋችሁ፣ ፈርማችሁ፣ ቅጂ አስቀርታችሁ ስጡ። ከዚያ ወዲያ ለሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤት የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ማመልከት ይቻላል።

አንድ ደብተር ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ ያዙ። የት እንደሠራችሁ፣ ከየትኛው ወር እስከ የትኛው፣ ምን ዓይነት አቧራ እንደነበር፣ በውሃ ይሁን በደረቁ፣ ምን ማስክ እንደተሰጣችሁ ጻፉ። የራጅ ፊልሙንና የስፓይሮሜትሪ ወረቀቱን አትጣሉ፣ ለድርጅቱ ብቻም አትተዉ፤ ቅጂው ቤት ይቀመጥ። ድርጅት ይዘጋል፣ ባለቤት ይቀየራል፣ እናንተም ከአንዱ ወደ ሌላው ትሄዳላችሁ። በሽታው ከ15 ዓመት በኋላ ቢመጣ ከየትኛው ሥራ እንደመጣ ማስረዳት የምትችሉት በዚህ ደብተር ነው።